ለባለ እጅ የቆመ አዋጅ፦ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የስድብ ሕግ

ላሊበላ፦ ታኅሣሥ 3/2015 ዓ.ም

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በዚህ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ማጭድ ፈላጊው ብዙ ነው። ከላስታ ደጋ የሚወርደው ገበሬ የማረሻውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ይፈትናል፤ ማጭዱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ስለቱን ያያል፤ ተከራክሮም ይገዛል። ጥቂት ራቅ ብሎ ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷንና ማሰሮዋን ደርድራለች። ገዢዋም ምጣዱን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሰምታ ትወስዳለች። ዕቃው ይወደዳል። ዕቃውን የሠራው ሰው ስም ሲነሣ ግን አንዳንዱ ገዢ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ አይጣልብህ፣ ከቤቱ አትጋባ የሚለው ሹክሹክታ ከገበያው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከገበያው ጋርም አብሮ ይመለሳል።

የግብርና ትምህርት በተማርኩበት ጊዜ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን፣ እርፉንና ወገሉን በየስማቸው ለይቼ አጥንቻለሁ። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ምራኑን የሚያለፋው ማን እንደሆነ፣ በመንደሩስ በምን ዓይን እንደሚታይ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አልሰፈረም። ይህን ጉዳይ ከ100 ዓመት በፊት በአዋጅ ያነሡት ንጉሠ ነገሥት ያረፉት ግን ልክ በዛሬዋ ቀን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት በዓድዋ ድል ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚተርከው ብዙ ጊዜ በማይነሣው በ1900 ዓ.ም አዋጃቸው በኩል ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በሸዋ፣ አንጎለላ በተባለው ስፍራ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ለማ ደግሞ በቤተ መንግሥት ያገለግሉ እንደነበር ይነገራል። የዘር ሐረግ የሰውን ዋጋ በሚወስንበት በዚያ ዘመን፣ የንጉሥ የልጅ ልጅ የሆነው ሕፃን በእናቱ ወገን ዝቅተኛ ትውልድ አለው ተብሎ ሊታማ የሚችል ነበር።

አባታቸው በ1848 ዓ.ም ሲያርፉ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የ11 ዓመቱን ልጅም ይዘው ሄዱ። ልጁ ከዚያ በኋላ በወሎዋ መቅደላ አምባ ላይ በቁም እስረኛነት 10 ዓመት ያህል ኖረ። እስሩ የቤተ መንግሥት እስር ስለነበር ሥርዓትንና የጦር ትምህርትን ተማረ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ወይዘሮ አልጣሽንም አገባ። ያሳደጉት ንጉሠ ነገሥትም ራሳቸው የስድብ ሰለባ ነበሩ። ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ያንቋሽሿቸው እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። ኮሶ የማይጠጣ ባላባት አልነበረም፤ ኮሶ መሸጥ ግን ነውር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የተጠቀሙበትን ሥራ ሠሪ የመናቅ ልማድ ምን ያህል እንደሚያቆስል ወጣቱ ምኒልክ በቅርብ የማየት ዕድል ነበረው።

በሰኔ 1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ አቀኑ። በመንገዳቸው የደረሱት የወሎዋ ገዢ ወርቂት እጅ ነበር። ወርቂት ሙስሊምና ኦሮሞ ነበሩ፤ ልጃቸውም በመቅደላ በቴዎድሮስ እጅ ተይዞ ነበር። ሸሽቶ የመጣውን ልዑል አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያተርፉ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ምኒልክን አሳለፏቸው፤ ቴዎድሮስም በበቀል ልጃቸውንና ሌሎች የወሎ ታጋቾችን አስገደሉ። የኋለኛው ንጉሠ ነገሥት ሕይወት የተረፈው በሃይማኖትም በትውልድም ከእሳቸው በምትለይ እናት ዋጋ ነበር።

ይህ ዋጋ ሁልጊዜ ታስቦ ነበር ለማለት ግን ያስቸግራል። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው በ1870 ዓ.ም ለአፄ ዮሐንስ አራተኛ ከገበሩ በኋላ በዚያው ዓመት በደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ግዳጅ ተጣለባቸው። የዕርምጃው ዋና ባለቤት አፄ ዮሐንስ ቢሆኑም ምኒልክ ተባባሪ ነበሩ። ወሎዬ ይህን አልረሳም። የአንድን ሰው ሕይወት በሚገባ ለመናገር የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማውራት አይበቃም።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም በመተማ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም፣ በወሎ ምድር በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈራርመዋል። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መላላክ እንደምትችል ሲል፣ በኢጣልያንኛው ደግሞ ይህን ለማድረግ እንደምትገደድ ያደርጋታል። በሁለት ቋንቋዎች መካከል የተደበቀ አንድ ቃል የአገርን ነፃነት ሊያሳጣ ቀርቦ ነበር። ቃል ተራ ነገር እንዳልሆነ ምኒልክ የተረዱት በመንግሥታቸው መባቻ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን ክፉ ቀን መጣ። በምፅዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች እንደመጣ የሚታመነው የከብት በሽታ ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ የአገሪቱን በሬ ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ሥራ ፈታ፤ ድርቅና ተባይ ተጨምሮበት ረኃቡ ለዓመታት ዘለቀ። ገበሬው በሬ ከሌለ መሬት አይታረስም ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲከተሏቸው እንዳደረጉ በታሪክ ይነገራል። በዚያ ጊዜ የአገሪቱ ነፍስ በዶማ ላይ ተንጠልጥላ ነበር። ዶማውን የሚያወጣው ደግሞ ከወናፉ ፊት የተቀመጠውና ገበሬው በዓይነ ቁራኛ የሚያየው ቀጥቃጭ ነው።

የዓድዋ ዘመቻ ይህንኑ በጦር ሜዳ ደገመው። በ1888 ዓ.ም የክተት ሠራዊቱ በወሎ በወረኢሉ ተሰባሰበ፤ የዋግና የላስታ ሰውም በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ዘመተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የተገኘው ድል የአርበኛው ነው። ጎራዴውን የሳለ፣ የጦር ጫፍ ያወጣ፣ ኮርቻውንና የስንቅ ስልቻውን የሰፋ፣ የዘማቹን ሸማ የሸመነ ባለ እጅም ድርሻ ነበረው። ስሙ ግን ከፎካሪዎች ስም ጋር አልተዘረዘረም።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ አገሪቱን በአዳዲስ ሥራ ለመሙላት ተጣደፉ። የባቡር ሐዲድ፣ ስልክ፣ ፖስታና ባንክ በዘመናቸው ገቡ። በ1900 ዓ.ም የእርሻን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በስማቸው የሚጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአሠራርና ለመሣሪያ ልዩ ፍቅር እንደነበራቸው የጎበኟቸው ሁሉ መዝግበዋል። ይሁን እንጂ ማሽኑን ከውጭ ማምጣት ቢቻልም፣ በአገር ውስጥ ብረት የነካ ሰው ሁሉ የሚሰደብ ከሆነ ማን ሊማረው ነው የሚለው ጥያቄ ከፊታቸው ቆመ።

በ1900 ዓ.ም ያወጡት አዋጅ የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። አዋጁ ስድቦቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ ነጋዴው መጫኛ ነካሽ፣ አራሹ ደግሞ አፈር ገፊ እየተባለ እንደሚሰደብ ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ገበሬውም መግባቱን የላስታ አራሽ ልብ ሊለው ይገባል። ቀጥቃጩን ቡዳ የሚለው ገበሬ እሱንም አፈር ገፊ የሚል ከበላዩ ነበረው። ስድብ እንደ ደረጃ ነው፤ በላይኛው እርከን ላይ የቆመ ሁሉ የታችኛውን ይረግጣል።

የአዋጁ ክርክር በሁለት እግሩ የቆመ ነው። የመጀመሪያው የእምነት ነው፦ ሰው ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የመጣ ስለሆነ በትውልድ መናናቅ ካለማወቅ የሚመጣ ነው፤ ወዙን አፍስሶ መብላትም ለሰው ልጅ የተሰጠ ትእዛዝ እንጂ ነውር አይደለም። ሁለተኛው የኢኮኖሚ ነው፦ ሥራ የማያውቅ ሰነፍ ብልሃተኛውን እየሰደበ ከሥራው ሲያስወጣው አገር ሠራተኛ አጥታ ትደኸያለች። ከዚያም ቅጣቱ ይመጣል። ከእንግዲህ ባለ እጅን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ ይቆጠራል፤ መቀጫውም የአንድ ዓመት እስራት ነው። ተሳዳቢውን አስሮ ማኖር የቸገረው ሹም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲልከው ታዟል።

ዛሬ ጥላቻን የሚያነዛ ንግግር በሕግ ይከልከል ወይስ የመናገር ነፃነት ይቅደም የሚለው ክርክር በዓለም ሁሉ ይካሄዳል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ያወጡት ሕግ የዚሁ ክርክር የኢትዮጵያ መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። በኃይሉም በጉድለቱም ያስተምራል።

ኃይሉ ንግግርን ከጉዳቱ ጋር ማያያዙ ነው። ስድቡ የአንድን ሰው ስሜት ከመንካት አልፎ ወናፉን እንደሚያጠፋ፣ የሸማኔውን ልጅ ከእጅ ሥራው እንደሚያሸሽ አየ። ጉድለቱ ደግሞ ጥበቃው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ መመሥረቱ ነው። ቀጥቃጩ የተከበረው የንጉሡ ክብር ስለ ተዘረጋለት እንጂ በራሱ መብት ቆሞ አልነበረም። የተሰደበው ሰው በአደባባይ ስለ ራሱ የሚናገርበት መድረክም አዋጁ አላዘጋጀም። ንጉሡን መንቀፍ ራሱ ወንጀል በሆነበት ሥርዓት፣ ደካማውን ለመጠበቅ የተዘረጋው ክንድ ኃያሉን ከትችት ለመከለልም ሊውል ይችላል። በምኒልክ መንግሥት ላይ ሰፊ ትችት ያቀረቡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጽሑፋቸው የታተመው በአዲስ አበባ ሳይሆን በኢጣልያ ሥር በነበረችው በአስመራ መሆኑ ስለዚያ ዘመን የሚናገረው አለው።

ሌላም ጉድለት አለ። ሰው ሁሉ የአዳም ልጅ ነው ያለው አዋጅ በወጣበት አገር የባሪያ ንግድን የሚከለክሉ ትእዛዞች ቢወጡም ባርነት ገና አልቀረም ነበር። በደቡብ በጦር በተያዙ አገሮች ገባሩ መሬቱንና ጉልበቱን ለአዲስ ጌቶች ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የምኒልክ ስም ዛሬ አንዱን ሲያኮራ ሌላውን ያስቆጣል። ይህ ክርክር ራሱ የመናገር ነፃነታችን መፈተኛ ሆኗል። የዘመኑን ግፍ የሚያነሣ ተመራማሪ ጠላት ተብሎ ሊታፈን አይገባም፤ የምኒልክን ስም ሰበብ አድርጎ ዛሬ በሕይወት ያለን ሕዝብ እንዲጠላና እንዲጠቃ የሚቀሰቅስም ታሪክ እየተናገርኩ ነው ብሎ ሊሸሸግ አይገባም። ሁለቱን መለየት የሕግም የኅሊናም ሥራ ነው።

ምኒልክ አዋጁ ሥራ ላይ መዋሉን የሚከታተሉበት ዕድሜ ብዙ አልተረፋቸውም። ሕመም ደጋግሞ ጣላቸው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንደበታቸውና አካላቸው ታሥሮ መንግሥቱን ሌሎች ይመሩት ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም በ69 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ይገኛል። የእሳቸው ክንድ ሲዝል አዋጁን የሚያስከብር ሌላ ክንድ አልተገኘም፤ ስድቡም በገጠሩ ቀጠለ።

ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ትርጉም ያለው መብት ያገኙት ከሌላ አቅጣጫ ነበር። በርስት ሥርዓት ብዙው ባለ እጅ መሬት የለሽ ወይም ጥገኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። መሬት ያለው ሰው ሲሰደብ ዝም ላለማለት አቅም አለው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 በዘርና በብሔር ብቻ ሳይሆን በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድም መድልዎ እንዳይደረግ ከለከለ፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን አረጋገጠ፤ ሰብአዊ ክብርን ለመንካት የሚደረግ የአደባባይ መግለጫ በሕግ ሊገደብ እንደሚችልም አስቀመጠ።

በየካቲት 2012 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አጸደቀ። አዋጁ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሣሣ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመም እስራቱ እስከ 5 ዓመት ከፍ ይላል። ደጋፊዎቹ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን የተነዛ ቃል ቤት ሲያቃጥልና ሰው ሲያፈናቅል እያየን ዝም ልንል አንችልም አሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ትርጓሜው ሰፊ ስለሆነ ጋዜጠኛንና ተቃዋሚን ለማሰር ሊውል ይችላል ብለው ሠጉ። ከመጽደቁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አገሪቱን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት የሐሳብ ነፃነት ልዩ ዘጋቢ ዴቪድ ኬይም ይህንኑ ሥጋት ገልጸው ነበር።

ከላሊበላ ገበያ ቆሞ ለሚያይ ግን ሌላ ነገር ይታያል። አዲሱ አዋጅ ከዘረዘራቸው መሠረቶች መካከል የሥራ ዓይነት በስሙ አልተጠቀሰም። የ1900ው አዋጅ ዋና ጉዳዩ ያደረገው ስድብ በ2012ቱ አዋጅ በግልጽ አልሰፈረም። በ1965 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነት ትውልድን ከመድልዎ መሠረቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል። ከሥራ ጋር ተያይዞ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ንቀትም ከዚሁ ይመደባል። ስለዚህ ባለ እጁ ሕግ የለውም ማለት አይቻልም፤ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ በግለሰብ ላይ የሚፈጸም ስድብንም የወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። የሚጎድለው፣ ቡዳ የሚለው ሹክሹክታ ጋብቻ ሲከለክል፣ ልጅን ከትምህርት ሲያስቀር፣ ከዕድርና ከማኅበር ሲያስወጣ ያን እንደ መድልዎ ቆጥሮ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሚያነሣው ነው።

ይህን ለማንሣት እስር ቤት የመጀመሪያው በር መሆን የለበትም። ለሹክሹክታ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ንግግር ነው። ቀጥቃጩ ራሱ በአደባባይ ቆሞ ስለ ሥራው ሲናገር፣ የግብርና ባለሙያው የእርሻ መሣሪያ ሥልጠና ሲሰጥ ሠሪውን ከገበሬው ጎን ሲያስቀምጥ፣ ካህኑና ሼኩ የአንድ አዳም ልጅነትን ሲያስተምሩ ሹክሹክታው ጉልበት ያጣል። ሕጉ የሚያስፈልገው ቃሉ ወደ ጥቃት ሊሻገር ሲል ነው፤ ያን ጊዜም የሚጠበቀው የንጉሥ ወይም የሹም ክብር ሳይሆን የተጠቂው ሰው መብት መሆን ይኖርበታል።

ላስታ ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። በዓለም ቅርስነት በ1978 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ትውፊቱ መላእክት ሌሊት ሌሊት እንዳገዙ ይናገራል፤ ቀን ቀን ግን የሰው እጅ መሮና መጥረቢያ ይዞ ይሠራ ነበር። መሮውን በእሳት ያጋለ፣ ሲደንዝ መልሶ የሳለ ባለ እጅ ባይኖር ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ ባልወጣ ነበር። ምዕመኑ በየዓመቱ ለገና በዓል ተሰልፎ የሚሳለመው ግድግዳ የዚያ እጅ አሻራ አለበት።

የፊታችን ቅዳሜም ገበያው ይቆማል። ባለ እጁ ከንጋት ጀምሮ ማረሻውንና ማጭዱን ተሸክሞ ይመጣል። ገበሬውም ይገዛል፤ ምክንያቱም ጤፉና ገብሱ ገና አልታጨደም።